ጋሼን መቅደም ያልተፈቀደለት መኪና

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ካምፓላ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ይሆናል፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ መኪናውን ሸጠልኝ። ሁለት በር፣ ረጅም ኮፋኖ፣ ስምንት ሲሊንደር። በአገሩ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ አስተማሪውም ፖስተኛውም የሚገዛው የስፖርት መኪና ነው። ኮሎሎ ሰፈር ያሉት ሐበሾች ግን ሳቁብኝ። «ቀጥ ብሎ ይሮጣል እንጂ መታጠፍ አያውቅም» ይሉኛል። ማን ነገራቸው? አንዳቸውም መሪውን ይዘው አያውቁም!

እኔ መካኒክ ነኝ። ያኔ ጋራዥ ስላልነበረኝ ዕቃዬን ተሸክሜ በየሰው በር እየዞርኩ ነበር የምሠራው። ጋሼ የምንላቸው፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ትልቅ ሰው ደግሞ ከቤታቸው ጎን ሰፊ ባዶ ግቢ ነበራቸው። ጋራዥ ላድርገው ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም የጀርመን መኪናቸውን ኮፋኖ መታ መታ አድርገው፣ «ያንን የአሜሪካ ቆርቆሮህን አስተካክለህ ይችን ከቀደምክ ግባበት» አሉኝ። ሰው ሁሉ በሰማበት!

ሦስት ወር ለፋሁ። መኪናው ጉልበት ሞልቶታል፤ የጎደለው ኩርባ ላይ መሬት መያዝ ነበር። የኋላ ሞላውን ቀየርኩ፣ ጠንካራ የፍሬን ሸራ ፈልጌ አስገባሁ፣ የኋላ ወንበሩን ሳይቀር አውጥቼ ክብደት ቀነስኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ የሚወስደውን የጋባን መንገድ ከዓሣ ጫኝ መኪኖቹ ቀድሜ እየወጣሁ ሞከርኩት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ፣ አውሮፕላን ወደማያርፍበት አሮጌ ማኮብኮቢያ ሄድን። ጄሪካን ደርድረን መታጠፊያ ሠራን። በየተራ ሁለት ሁለት ዙር እንነዳለን፤ ባጭር ሰዓት የጨረሰ ያሸንፋል። ሰዓት ያዡ አየር መንገድ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው፤ የልብ ጓደኛዬ የምለው።

ጋሼ ቀድመው ነዱ። ጥሩ ነዱ፣ አልዋሽም። ከዚያ እኔ ገባሁ። አቤት የዚያን ቀን መኪናዬ! ቀጥታው ላይ ተምዘገዘገ፣ ፍሬን ስይዝ ሳያወላዳ ቆመልኝ፣ ጄሪካኖቹን ታክኮ ታጠፈ፣ አንዱንም አልነካ። ወርጄ ጓደኛዬን ሳየው ግን አቀረቀረ። «ጋሼ በሁለት ሰኮንድ ቀድመውሃል» አለ። ተጨበጨበ። እኔም ምን ልበል፣ ጎንበስ ብዬ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አልኩ።

ስንመለስ ጓደኛዬ እዚያው መኪናዬ ውስጥ አመነ። «አራት ሰኮንድ ቀድመሃቸዋል። ግን በዚህ ዕድሜያቸው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ፊት፣ እንዴት ብዬ ላዋርዳቸው?»

ወይ ጉድ! የእኔ እንጀራ በእሱ ይሉኝታ ይቆረጥ? «ውረድ!» አልኩት። «ቦዳ ሞተር ፈልገህ ተሳፈር!» ብዬው መንገድ ላይ ጥዬው ሄድኩ።

እኔስ ከእሱ በምን እሻላለሁ? ሳምንቱን ሙሉ «ነገ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ከረምኩ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቴም ከጎናቸው አስቀምጠው አጎረሱኝ፤ አጉርሶኝ ለተቀመጠ ሽማግሌ «ተሸንፈዋል» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ራሳቸው ነገሩን አነሱት።

«ያ ጓደኛህ መዋሸት አልነበረበትም» አሉኝ። «እኔም በእጅ ሰዓቴ የሁለታችንንም ይዤ ነበር። እስክትናገር ስጠብቅህ ነው የሰነበትኩት። ለገዛ ሥራው አፉን የማይከፍት ሰው ጋራዥ እንዴት ያስተዳድራል?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ። «እርስዎስ? እያወቁ ቆመው ሲጨበጨብልዎት አልነበረም? እርስዎ ለምን አልተናገሩም?»

ጋሼ ፈገግ ብለው «አሁን ገና ተናገርክ» አሉኝ። «ግቢውን ግን ትናንት ለሌላ ሰው ሰጠሁት።»