ከግራፉ ሥር ሦስት ዜሮዎች

ማዋለድ ካቆመች ብትቆይም ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚሏት። ወገቧ እንቢ ሲላት ከአዋላጅነት ወደ ጤና ቢሮው የመረጃ ክፍል አዛወሯት፤ እሷም በዚያ ዕድሜዋ ኮድ እየጻፈች ግራፍ መሥራት ተማረች። ወጣቶቹ ሲያሾፉባት «ዝም በሉ፣ ግማሻችሁን ያዋለድኳችሁ እኔ ነኝ!» ትላቸዋለች።

ያን ቀን ግን ቀልድ አላሰኛትም። ጉልበቷን የጨረሰችበት ትንሹ የማዋለጃ ጣቢያ ሊዘጋ ነው። ሰበቡ ደግሞ የገዛ ግራፏ ነው፤ የወላዶቹ ቁጥር ክረምት ላይ ቁልቁል ወርዶ መሬት ይነካል። «ሰው የማይመጣበትን ቤት ምን እናድርገው?» ብሏል አለቃው። ከሰዓት በኋላ ለሚደረገው ስብሰባም «ሲስተር፣ መስመሩ ብቻ አይበቃም። ከሥሩ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ያስገቡልኝ» አላት።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለች በልቧ። ሠንጠረዡን ስትጨምረው ሄዶ ከግራፉ ግርጌ በተጻፈው የወሮቹ ስም ላይ ጉብ አለ። ስሞቹን ከግራፉ አጥፍታ የሠንጠረዡ ራስጌ አደረገቻቸው፤ ከታች ቦታ አሰፋች። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቁጥር ከነጥቡ ሥር ልክ ቁጭ አለ። ሦስት ዜሮዎችም ጎን ለጎን አፈጠጡባት።

ዜሮ? እዚያ ቤት አንድም ልጅ ያልተወለደበት ወር ዕድሜ ልኳን አታውቅም። ወደ ኮዱ ተመልሳ ከላይ ጀምራ አነበበችው። መስመሩ እንዳይቆረጥባት ብላ ባዶውን ቦታ ሁሉ በዜሮ የሞላችው ራሷ ናት። ያልተላከውን ሪፖርት ያልተወለደ ልጅ አድርጋዋለች። ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

ወዲያው በጣቢያው ለተካቻት አዋላጅ ደወለች።

«አንቺ፣ ክረምቱን ሰው አልመጣም እንዴ?»

«ኧረ ምን ትያለሽ! ድልድዩ ፈርሶ ወደ ሆስፒታል መሻገር ያቃታት ሁሉ እኛው ጋ አልነበረች? ሪፖርቱን የሚያደርስልን ነው ያጣነው።»

«በይ ቁጥሩን አሁኑኑ ላኪልኝ፣ እህቴ።»

ስብሰባው ላይ ጥፋቷን ሳትሸፋፍን ተናገረች፤ የድልድዩንም ነገር አስረዳች። አለቃው ጣቱን በሠንጠረዡ ላይ እየነዳ ሄደና የክረምቱ ወራት ላይ ሲደርስ ቆመ። ዜሮ በነበረበት ቦታ የዓመቱ ትልልቅ ቁጥሮች ተቀምጠዋል።

«መንገድ ሲጠፋ የቀረውን አንድ ቤት ልንዘጋው ነበር ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «በሉ፣ መዝጋቱ ቀርቷል። ጣቢያው ስለሚጎድለው እንነጋገር።»

ሲስተር ኮሪደር ላይ ወጥታ ለአዋላጇ መልሳ ደወለች። የምሥራቹን ሳትነግራት ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ሰማች።

«ማን ነው እሱ?»

«አሁን መጣ፤ ገና አልታጠበም።»

«በይ መዝግቢው» አለች ሲስተር፣ እንባዋ እየቀደማት። «የዚህን ወር ሪፖርት ራሴ መጥቼ ነው የምወስደው።»