በሐዲዱ ዳር የቀሩት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ላይ የዕቃ ባቡር አስቆመን። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። የወንድሜ የዮናስ አርባ ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ነበር። ባቡሩ ረጅም ነው፣ አላልቅ አለን። እናቴ ፊቷን ወደ ጎን መስኮት አዞረች። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሃይስኩል ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ስለምንኖርበት አካባቢ አንድ ነገር አጥኑ አለን። እኔ የድሮውን ባቡር መረጥኩ፤ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዮናስ ያኔ የጭነት መኪና ይነዳል። የእረፍት ቀኑን ለእኔ ፕሮጀክት ሰጠ። ከዚያ ፕሮጀክቱ የእሱ ሆነ።

ያገኘነው ታሪክ አጭር ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ጥቂት የጥጥ ነጋዴዎች ተሰብስበው ትንሽ የባቡር ኩባንያ አቋቋሙ። ሐዲዱ ከአትላንታ ተነስቶ ጥጥ ወደሚመረትበት ገጠር ሊሄድ ነው። ለሠራተኛ የሚከፍሉት ስላነሳቸው ከመንግሥት እስረኞች ተከራዩ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ሥራ ፈት ተብለው ከመንገድ የታፈሱም አሉባቸው። በሰንሰለት ታስረው ቀዩን አፈር ቆፈሩ። በሙቀትና በተቅማጥ የሞተው እዚያው ሐዲዱ ዳር ይቀበር እንደነበር አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነገሩን፤ ቦታውንም ጠቆሙን። ኩባንያው ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። ሐዲዱም ተነቅሎ ተወሰደ።

በጸደይ ነው የሄድነው፤ የጥድ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ባደረገበት ሰሞን። ቡፎርድ ሃይዌይ ከሚባለው ጎዳና የሜክሲኮ ታኮ ገዝተን፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ፓርክ አድርገን ጫካው ውስጥ ገባን። ሐዲዱ ያረፈበት የአፈር ክምር አሁንም አለ። ከሥሩ መሬቱ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሏል፣ በርዝመት የሰው ቁመት ያህል። ዮናስ ታኮውን አልጨረሰም። ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«እነዚህ ሰዎች ፍትሐት አልተደረገላቸውም» አለኝ።

«ኦርቶዶክስ አይደሉም፣ ባፕቲስት ይሆናሉ እኮ። አንተ ምን አገባህ?»

«ዝም ብለህ ብላ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እናቴ ባለችበት፣ ለእነዚያ ሰዎች ፍትሐት ያድርጉላቸው ብሎ የንስሐ አባታችንን ለመናቸው። አባ ሰሙት፣ አላቋረጡትም።

«ልጄ፣ ክርስትና ስማቸው ማን ነው? ያለ ስም ማንን ብዬ ልጥራ?»

«ስማቸውን የያዘ የለም፣ አባ። በእኔ ክርስትና ስም ይጥሩላቸው። ወልደ ገብርኤል ይበሉ።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባም ደነገጡ።

«የቁም ሰው ስም ለፍትሐት አይጠራም። ሁለተኛ እንዲህ እንዳትል።»

መኪና ውስጥ ገብተን እናቴ፣ «ስምህን ለሞት ሰጠህ» አለችው።

«አልሰጠሁም እማ። ላበድራቸው ነበር» አለ ሊያስቃት። አልሳቀችም።

ዓመታት አልፈው፣ በዚህ ክረምት መጨረሻ የዮናስ የጭነት መኪና በዝናብ ሃይዌይ ላይ ተገለበጠ። እናቴ የዚያን እሑድ ነገር አንስታ አታውቅም፤ ለቅሶ ላይ እንኳ። ግን ባቡር ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እኔም ምነው ሌላ ነገር ባጠናሁ እላለሁ። አላምንበትም። ግን እላለሁ።

ቅዳሜ አባ «ወልደ ገብርኤል» ብለው ጠሩ። ስንመለስ እናቴ ድንገት ተናገረች።

«ያ የሄዳችሁበት ቦታ የት ነው?»

ወሰድኳት። ጫካው ተመንጥሮ የመጋዘን ፓርኪንግ ሆኗል። ከአጥሩ ዳር ትንሽ የአፈር ክምር ቀርታለች። ዘንቦ ስለነበር ጭቃ ነው። እናቴ በቤተ ክርስቲያን ጫማዋ ገባችበት፣ ብዙ ቆመች።

«ወልደ ገብርኤልን ነፍስ ይማር» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «እነሱንም።»

አሁንም ስሙ የገደለው አይመስለኝም። ዝናቡ ነው። ግን እዚያ ቦታ ላይ ለእነዚያ ሰዎች አንድ ስም ተጠራላቸው። ሌላ ስም አልነበረም፤ የእሱ ነው የተጠራው።

እናቴ ጫማዋን ሳታራግፍ መኪና ውስጥ ገባች። ቀዩ ጭቃ ምንጣፉ ላይ ደርቋል። አልጠረግኩትም።