የጥሩሐረግ ስለት

ጥሩሐረግ ጎረቤቴ ናት። በኛ ሰፈር ጎረቤት ማለት ስትጣራ የሚሰማህ ሰው ማለት ነው። በሷና በኔ ቤት መካከል አንድ ገደል አለ፣ ግን የኔ ድምፅ ትልቅ ነው። ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ቆላው ሳይጀምር፣ ግማሽ ቀን ያህል እንደተጓዛችሁ እኛን ታገኛላችሁ። ትምህርት ቤት አለን፣ እስከ ስምንተኛ። ዘጠነኛን የፈለገ ሰቆጣ ይወጣል።

የወጣው አይወርድም። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ አንዷለም እባላለሁ። አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ገጥሜያት ሁለቴም አሸንፋኛለች። ያም ሆኖ በሰፈራችን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ፣ በክብረ በዓል ድምፅ ማጉያ የምይዘውም እኔ ነኝ። ከኔ የተሻሉት ሁሉ ስለሄዱ ነው።

ጥሩሐረግ አራት ልጆች ወልዳለች። ባሏ የሞተው አራተኛዋ ስትድህ ነው። ሦስቱ ትልልቆቹ ተራ በተራ ስምንተኛን አለፉ። በኛ አገር ልጆች ሰቆጣ ሲገቡ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ እናት ደግሞ በየሳምንቱ ስንቅ ታደርሳለች። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ከላዩ ላይ ማገዶ። ጥሩሐረግ ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። አሁን ትልቁ ተስፋው ባሕር ዳር ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጣል። የቀሩት ሁለቱም ከዚያ ወዲያ ናቸው። ክፉ ልጆች እንዳይመስሏችሁ፣ ለበዓል ለበዓል ጋቢ ይልካሉ። ሰባት ጋቢ አላት። የምትለብሰው ግን አንዱን ነው።

ስልክ የሚይዘው ከቤቴ ጓሮ ካለው ወይራ ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ጥሩሐረግ ልጆቿን የምታናግረው እኔ ጓሮ መጥታ ነው። ስለዚህ ሁሉንም እሰማለሁ። ባልፈልግም እሰማለሁ፣ እፈልጋለሁም። ተስፋው በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ይጀምርና መሀል ላይ አማርኛ ይገባበታል፣ ከዚያ ልጁን ያቀርበዋል።

«አያቴ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ የኔ ዓለም።» አማርኛዋ እዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኽምጣና አንድ ነገር ትጨምራለች።

«አባዬ፣ ምን አለች?» ይላል ልጁ። ስልኩ ይዘጋል።

አንድ ቀን፣ «ምን ብለሽው ነው?» አልኳት።

«የተወለደችው ጥጃ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት ነው ያልኩት» አለችኝ። ስልኩን በመዳፏ እንደያዘች ቆየች። ጫጩት የያዘች ነው የምትመስለው።

እና የቀረቻት ይመኙሻል ብቻ ነበረች። ይመኙሻል ስምንተኛ ክፍል ናት። ዝም የምትለው ስትውጥ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስተማሪው ያለውን፣ ልጆቹ ያሉትን፣ መንገድ ላይ ያገኘችው ውሻ ያሰበውን ሳይቀር ለእናቷ ታወራለች። ወሬዋ ገደሉን ተሻግሮ እኔ ቤት ይገባል። ሬዲዮ አያስፈልገኝም ነበር።

መጋቢት ላይ ከሰቆጣ አንድ የትምህርት ባለሙያ መጣ። ምስክር ይባላል፣ ጥሩ ልጅ ነው። ወላጆችን ሰበሰበና ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቀለ።

«የትምህርት ዓላማ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን።

«ደሞዝ!» አለ ካሳ፣ እሱ ደግሞ ሁሌም ቸኩሎ ነው።

«ጥሩ። ሌላስ?»

«ጣት ቀለም እንዳይነካ። ፊርማ!»

«እሱም ጥሩ ነው። እማማ፣ እርስዎስ?»

ጥሩሐረግ አልተነሳችም። «ለመሄድ ነው» አለች።

«የት ለመሄድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ የማን አገር ልጅ ነህ?»

«የዝቋላ ነኝ።»

«እናትህስ የት አለች?»

«እዚያው ናት።»

«እንግዲያው ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ልጁ ዞሮ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ጥሩሐረግ በክርኗ ነካችኝ፣ «ምን ብሎ ጻፈው?»

«ተንቀሳቃሽ ዜጋ ማፍራት» ብዬ አነበብኩላት።

«እኔ እንዲያ አልኩ?»

«አዎ፣ ኮት አልብሶት ነው።»

እውነት ለመናገር እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስበው ነበር። የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍን ከማንም በላይ አውቃታለሁ፣ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ሐኪም አለባት፣ አውሮፕላን የሚነዳ አለባት፣ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው አለባት። ተምሮ ሰፈሩ የቀረ ሰው ሥዕል ግን ፈልጌ አጣሁ። ምናልባት ስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ይኖር ይሆናል።

ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና ደረሰ። እናቶች ሁሉ ወደ ተክለ ሃይማኖት እየወጡ ተሳሉ። ጥሩሐረግም ወጣች። ፍልሰታ ሲፈታ ውጤት መጣ። ያለፉት ስም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ እኔ አነበብኩ። ይመኙሻል የለችም። እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ያኔም የለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገደሉ ማዶ ጸጥ አለ። ልጅቷ ራሷ ጀምራ አታወራ፣ ተጠይቃ አትመልስ።

በሦስተኛው ቀን ጥሩሐረግ ጓሮዬ መጣች። ስልኩን አላወጣችም።

«አንዷለም፣ ፍየሏን ሸጬ ጃንጥላ ገዛሁ።»

«ይዘንባል፣ ደግ አደረግሽ።»

«ለኔ አይደለም፣ ለጻድቁ ነው። ስለቴ ነው።»

«እትዬ ጥሩ፣ ልጅቱ እኮ ወድቃለች። ጃንጥላውን አትጠየቂም።»

«ስለወደቀች ነው የምጠየቀው።»

እኔ ድምፄ ትልቅ የሆነው ሰውዬ፣ «እንዴት?» ያልኳት በሹክሹክታ ነው።

«ሌሎቹ እንድታልፍልኝ ሲሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንድትወድቅልኝ አልኩ» አለች። «ጻድቁ አባቴ፣ ሦስት ሰጥቻለሁ፣ ይቺን ተውልኝ አልኩት።»

«ታዲያ ተወልሽ። ደስ አላለሽም?»

«ቤት ውስጥ አለች፣ ግን የለችም። ባሕር ዳር ያለው ተስፋው እንኳ ከሷ የተሻለ ያወራኛል።»

ችግሩ ሌላ ነበር። በኛ ደብር ስለት የሚገባው ምክንያቱ በሕዝብ ፊት ተነግሮ ነው። አንድ ሰውዬ ከሌላ ደብር የተሰረቀ ምንጣፍ በስለት ካስገባ ወዲህ፣ አባ ገብረ ኪዳን ምክንያት ሳይሰሙ እንኳን ጃንጥላ ሻማ አይቀበሉም። በድምፅ ማጉያ የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ከእግር ቁርጥማት ስለዳነች ብዬ ልበል?» አልኳት።

«እግሬ አሁንም ይቆረጥማል። ደግሞ እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው የጸለዩትን ጻድቅ በእግር ነገር ልዋሻቸው?»

ይህንስ አላሰብኩትም ነበር።

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። ታቦቱ ዞሮ ቆመ፣ እኔ ማጉያውን ያዝኩ። «ወይዘሮ መስታወት፣ ልጇ ስላለፈላት፣ መጋረጃ!» እልል ተባለ። «አቶ ካሳ፣ በሬው ከገደል ወድቆ ስለተነሳ፣ ጧፍ!» እልል ተባለ። ከዚያ ጥሩሐረግ ጃንጥላዋን ታቅፋ መጣች።

«ጥሩሐረግ፣ አንድ ጃንጥላ!» አልኩና ቶሎ ወደሚቀጥለው ልዞር ስል፣

«ምክንያቱስ?» አሉ አባ ገብረ ኪዳን።

«ጸሎቷ ስለተሰማ ነው፣ አባ።»

«የሁሉም ተሰምቷል። ምን ብላ ነበር?»

አሳለኝ። ማሳል ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጥሩሐረግ ግን ማጉያውን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ እንድትወድቅ ተስዬ ነበር። ወደቀች።»

አንዲት አሮጊት ከልማድ የተነሳ እልልታ ጀመሩና መሀል ላይ ዋጡት። ይመኙሻል ከዘማሪዎቹ መሀል ወጣች። ሁላችንም የምትሮጥ መስሎን ነበር፤ መጥታ እናቷ ፊት ቆመች። ማጉያው አልጠፋም ነበርና አገር ሰማት።

«እማ፣ አንቺ አይደለሽም የጣልሽኝ። ጻድቁም አይደሉም። ሒሳብ ነው። የሒሳብ አስተማሪያችን ከጥር ጀምሮ የለም።»

«የት ሄዶ?» አሉ አባ ገብረ ኪዳን።

«ለትምህርት ነዋ።»

አባ ጃንጥላውን ትንሽ ተመለከቱትና፣ «በሉ ይግባ፣ ታቦቱ እየራሰ ነው» አሉ።

ከበዓሉ ሲመለሱ ገደሉ ማዶ ጭቅጭቅ ተነሳ። እኔ ጆሮዬን መድፈን እችል ነበር።

«ምን አድርጌሽ ነው?» ትላለች ልጅቷ።

«ማን ያዋራኛል? ስትሄጂ ማን ያዋራኛል?»

«እኔስ? ዕድሜ ልኬን ካንቺና ከጥጃዋ ጋር ሳወራ ልኑር? ማወቅ እፈልጋለሁ እኮ። ሄጄ እመለሳለሁ።»

«ሦስቱም እንዲያ ብለውኛል።»

«እነሱ ያሉትን በኔ ላይ አትቁጠሪ!»

ጭቅጭቅ ነው፣ ግን ወሬ ነው። ከሁሉ የገረመኝ እኔንም ደስ ማሰኘቱ ነው።

መስከረም ሲጠባ ይመኙሻል ስምንተኛን ልትደግም ተመዘገበች። ጥሩሐረግ ደግሞ እኔን አስከትላ ሰቆጣ ወጣች። ባለሙያውን ምስክርን ከቢሮው አገኘነው።

«ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ስጠኝ» አለችው።

«እማማ፣ የሰው ኃይል እጥረት አለ፣ ጥያቄውን ለበላይ አካል አቅርበን…»

«አንተ ሒሳብ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ በእርግጥ…»

«እንግዲያው ተነስ እንሂድ።»

ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ተመላልሳ ተቀመጠች። በጥቅምት ፀጋ የምትባል ቀጭን ልጅ የሒሳብ አስተማሪ ሆና መጣች። ጥሩሐረግ እንዳታመልጣት ከራሷ ቤት አስቀመጠቻት፣ ከጋቢዎቹ ሦስቱን ሰጠቻት፣ እስከ ሰኔ ድረስ አስተማሪዋ የምታስነጥሰው እንኳ በፈቃድ ነበር። የይመኙሻልን ውሃና እንጨት ጥሩሐረግ ራሷ ተሸከመች፣ ልጅቷ እንድታጠና።

አንድ ቀን ከምንጩ ስትመለስ አገኘኋትና፣ «እትዬ ጥሩ፣ በገዛ እጅሽ ልትሸኛት ነው?» አልኳት።

እንስራውን አላወረደችም። «ወድቃ ቤት የተቀመጠችው ልጅ የኔ አልነበረችም» አለችኝ። «እሷን ምን ላድርጋት?»

ይመኙሻል አለፈች። በዚያ ዓመት ጥሩሐረግ ምንም አልተሳለችም፤ ልሳል ብል ምን ብዬ እንደምሳል ጠፋኝ ነው ያለችው።

መስከረም ላይ አህያዬን ጭነን ሦስታችን ወደ ሰቆጣ ተነሳን። ይመኙሻል ከደጃቸው ጀምራ እስከ ከተማው ድረስ አላቋረጠችም። ስለ ሦስት ማዕዘን አወራች፣ ስለ ፀጋ እጮኛ አወራች፣ ስለ ጥጃዋ ጠባይ አወራች፣ ሁሉንም በኽምጣና። እናቷ ከኋላ ከኋላ እየሄደች «እህ» ትላለች፣ ሌላ ምንም አትልም። ዳገቱ ላይ እኔ ትንፋሼ ሲቆረጥ ልጅቱ አላቆመችም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሌሎች ሁለት ልጆች ቀድመው ገብተዋል። ጥሩሐረግ ስንቁን ደረደረች፣ ፍራሹን አራገፈች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። የሚሠራ ነገር ሲያልቅባት እንደገና መስኮቱን ከፈተች። ይመኙሻል አንገቷን አቅፋ ያዘቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትናገር። ከዚያ በባጃጁ፣ በገበያው፣ በሰዉ መሀል አልፈን ወጣን።

ከተማው ከኋላችን ሲቀር ዝምታው ከበደኝ። የሐዘንተኛ ቤት ይመስል ሦስታችን፣ እኔ፣ እሷና አህያው፣ አንገታችንን ደፍተን እንሄዳለን። ስለዚህ ላጫውታት ብዬ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ያኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንዷለም» አለች፣ እጇን አንስታ። «እስቲ ዝም በል። ገና እየሰማኋት ነው።»

ዝም አልኩ። እስከ ሰፈራችን አራት ሰዓት ያስኬዳል።