የአክስቴ ቅቤና የእኔ ልብ

አምቦ ውስጥ ሰውን የሚያስወነጅል ነገር ቢኖር መክሳት ነው። ቦርጬ ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር ሲታገል በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም "አምሮብሃል፣ ተስማምቶሃል" እባል ነበር። የቢሮዬን ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይዤ መቆም ስጀምር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ፣ የደሜን ቅባት አየ፣ ከዚያ አባቴ በምን እንደሞተ ጠየቀኝ። "በልብ፣ ሰርግ ላይ፣ በድንገት" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ኪኒኑን አያቋርጡ። ቅቤ፣ ጮማና ጨው ይቀንሱ፤ ጎመንና ጥራጥሬ ያብዙ፤ በእግርዎ ይሂዱ። አለዚያ የአባትዎን መንገድ ይዘዋል" አለኝ።

ፈራሁ። ልጆቼ ገና ትንንሾች ናቸው። አባቴ የወደቀ ቀን እኔም ትንሽ ነበርኩ።

እናም ታዘዝኩ። ሚስቴ ሽሮውን ያለ ቅቤ፣ ጎመኑን በጠብታ ዘይት ትሠራልኝ ጀመር። ወደ ቢሮ በባጃጅ መሄድ ትቼ በእግሬ ሆንኩ። ይቺም አልተፈቀደችልኝም። የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌሮች አጠገቤ እየቆሙ "ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ በነፃ ነው!" ይሉኛል። የከሰርኩ መስሏቸዋል።

ወራት ሲያልፉ ሱሪዬ ሰፋኝ፤ ደረጃውንም ሳልቆም መውጣት ጀመርኩ። ደስታዬን የሚካፈለኝ ግን ጠፋ። ቢሮ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለመሆኑ ተመርምረሃል?" ይሉኛል። "ተመርምሬ እኮ ነው የከሳሁት!" ስላቸው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንዲት ጎረቤታችን ሚስቴን ገበያ መሃል አስቁማ "ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ የመነመነው?" ብላታለች። የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ሊጸልዩልኝ መጡ። እንግዳ ናቸውና ጨጨብሳ በቅቤ ቀረበላቸው። ጸልየው ሲያበቁ "ቅመስ ወንድማችን፣ አቅም ይሰጥሃል" ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ይሄ ሁሉ ግን ከአክስቴ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ወላጆቼ ከሞቱ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአባት እህት በኦሮምኛው አዳዳ ስለምትባል እኔም አዳዳ ነው የምላት። የምትኖረው ጊንጪ ነው። መክሳቴን ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ብቻ ከዚያ ወዲያ የአምቦ ሚኒባስ የእሷ ሆነ። በመጣች ቁጥር ለጋ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ነው የምትመጣው። ጓዳ ትገባለች፣ ሚስቴን "አንቺ እረፊ" ብላ ታስቀምጣለች፣ ጩምቦ ትሠራለች። ወፍራሙን የጤፍ ቂጣ በቅቤ እስኪርስ ታሸዋለች። ከዚያ እጇ ወደ አፌ ይመጣል።

"ኛዱ፣ ልጄ! ብላ፣ ማሎ፣ እባክህ!"

አንዱን ስውጥ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ትልና ሁለተኛውን ታስከትላለች። ያሳደገኝን እጅ እንዴት ልመልሰው? እበላለሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ሚስቴ ኪኒኔን አምጥታ ከፊቴ ታስቀምጣለች። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄው ነው።

ባለፈው ክረምት ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ ውጤቴን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። ግፊቱም ቅባቱም ተመልሰው ወጥተዋል። "ምንድን ነው የሚበሉት?" አለኝ። "የአክስቴን ፍቅር" ልለው ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስደርስ አዳዳ ጓዳ ውስጥ ቅቤ እያቀለጠች ነበር። ትዕግሥቴ አለቀ።

"አዳዳ፣ በቃ ተዪኝ! እኔን የሚገድለኝ ይሄ ቅቤ ነው! የቢሮዬን ደረጃ መውጣት የቻልኩት እሱን ትቼ ነው! አባቴ ከስቶ ነው እንዴ የሞተው?"

ጮኼባት አላውቅም ነበር። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"አባትህስ ጠግቦ ነው የሞተው" አለች ቀስ ብላ። "አንተ ተርበህ ስትሞት ግን ቆሜ አላይም።"

ንዴቴ አልበረደም፤ የት እንደማደርሰው ግን ጠፋኝ። በልጅነቴ እኔን አብልታ እሷ "ጠግቤያለሁ" እያለች የተኛችባቸው ቀናት ነበሩ። እንዳልጠገበች የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ሚስቴ ምሳዬን አቀረበች፤ ጎመንና ምስር፣ ያለ ቅቤ። አዳዳን አጠገቤ አስቀመጥኳት። በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ። አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። እኔም እጄን አላወረድኩም። ጉርሻ መመለስ ነውር መሆኑን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። አፏን ከፈተች፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች አላመጠች።

"ጨው እንኳ የለውም" አለች።

"ትንሽ አለው።"

"ይሄን እየበላህ ነው ደረጃ የምትወጣው?"

"ይሄን እየበላሁ ነው፣ አዳዳ። ሳልቆም።"

ጓዳ ውስጥ ያቀለጠችው ቅቤ መልሶ እየረጋ ነበር፤ የሚያነሳው አልተገኘም። እኔ የራሴን ልጠቀልል ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ አፏን ደግማ ከፍታ ትጠብቃለች።

"ምን ታየኛለህ?" አለች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል አላልኩህም?"