የሞዴል ገበሬዋ ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጥያቄ ጠየቀኝ። ፎቶዎቼን በራሱ ጊዜ ሲያደራጅ ቆይቶ የእናቴን የወጣትነት ፎቶና የልጄን ፊት ጎን ለጎን አቀረበና «አንድ ሰው ናቸው ወይስ የተለያዩ?» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጄ በተለይ ደስ አላት፤ አያቷን መምሰል ሹመት መስሎ ታያት። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ፊት ሄደ። ከዐሥር ዓመት በፊት አንድ ፎቶ ይዤ «ይቺ ሴት ማን ናት?» እያልኩ ከአምቦ እስከ ጎጆ ከተማ ዞሬ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ጥቂት ወራት ከተንከራተትኩ በኋላ፣ አምቦ ውስጥ የገበሬ ማኅበራትን የሚያስተባብር አንድ ጽሕፈት ቤት በጊዜያዊ ውል ቀጠረኝ። ቢሮው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከባጃጅ ማቆሚያ ጀርባ ነው፤ መስኮት ሲከፈት የሹፌሮቹ ጨዋታ ከነሳቁ ይገባል። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ነበር። ሥራው ግን ባጭሩ ይህ ነው፦ የማኅበራቱን ሎጎዎችና ፎቶዎች ሰብስቤ፣ አጽድቼና ሰይሜ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት እየገባ በሚወስድበት የጋራ የምስል ቋት ውስጥ ማስቀመጥ።

ቀላል ይመስላል። ሎጎ ላኩ ሲባሉ አንዱ ማኅበር ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በስልክ አንስቶ ይልካል። ሌላው ባነሩን ያነሳል፤ ከሥሩ የቆሙት ሰዎች ጭንቅላት የሎጎውን ግማሽ ሸፍኖታል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»፣ «ይሄኛው» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ከአንድ ቦታ መጥተውልኝ ሦስቱም የተለያዩ ነበሩ። አንድ ቀን ስልክ ደውዬ «በሬያችሁ አንድ ቀንድ ብቻ ነው ያለው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ሊቀመንበሩ ክፉኛ ደንግጠው «ኧረ ሁለት ነው! ማኅተሙ አርጅቶ ነው!» አሉኝ። ቀንዱን መልሼ ሣልኩለት። ሥራውን የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል። እያንዳንዱ ጭረት ውስጥ የሚጠየቅ ነገር አለ።

ከፎቶዎቹ ሁሉ አንዱ የታወቀ ነበር። ወጣት ሴት ናት፤ በሁለት እጇ ድንች ታቅፋ፣ ፊቷን ወደ ጎን መለስ አድርጋ ከልቧ ትስቃለች። ካላንደር ላይ ነበረች፣ የድንች ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነበረች፣ የቢሯችን በር ላይም ተለጥፋለች። ከሥሯ «ብሩህ ተስፋ» የሚል ጽሑፍ አለ። የምትመለከተውም ያንኑ ተስፋ እንደሆነ ሁላችንም አምነን ነበር።

ለቋቱ የሚሞላው ቅጽ ግን «በፎቶው ያለው ሰው ማን ነው? ፎቶው እንዲወጣ ፈቅዷል?» ይላል። ፎቶው ከአራት መሥሪያ ቤቶች በአራት ስም ደርሶኛል። አንዱ «ወይዘሮ ዓለሚቱ» ብሏታል፣ አንዱ «ደስተኛ እናት»፣ ሌሎቹ ቁጥር ብቻ ሰጥተዋታል። አለቃዬን ኦቦ ገመቹን ጠየቅኳቸው።

«‹ሞዴል ገበሬ› ብለሽ ሙዪው» አሉኝ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«ስሟን ነው የሚጠይቀው፣ ኦቦ ገመቹ።»

«ስሟ ምን ያደርግላቸዋል? ገበሬ ናት፣ ድንች ይዛለች፣ ስቃለች። በቃ!»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ። ፎቶው የተነሳው ጎጆ አካባቢ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የጎጆው ማኅበር ሎጎም ገና ስላልመጣ፣ እሱን አመጣለሁ በሚል ሰበብ አስፈቅጄ ተነሳሁ።

የመስከረም መጨረሻ ነበር። እስከ ጊንጪ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጋቢና ወጣሁ። መንገዱ ገና ከክረምቱ አላገገመም፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ በገባ ቁጥር ሹፌሩ ለመኪናው በኦሮምኛ ምክር ይሰጠዋል። ከፍ እያልን ስንሄድ አየሩ እየቀዘቀዘ የገብሱ ማሳ እየሰፋ መጣ። ጎጆ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።

የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አየና ሳቀ። «ኧረ ይቺማ ቲቸር ናት!»

«ገበሬ አይደለችም?»

«ቲቸር ትዕግስት! ሕፃናት ነው የምታስተምረው። ድንቹ የአዴ ወርቂቱ ነው» አለና ወደ መጋዘኑ ዞረ።

«ምነው?»

«እኔ የለሁበትም። ሄደሽ ራሳቸውን ጠይቂ።»

ትዕግስትን ትምህርት ቤቱ ውስጥ በዕረፍት ሰዓት አገኘኋት። ከፎቶው ትንሽ ከስታለች፤ ጥርሷ ግን ያው ነው። ስልኬን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «እባክሽ አጥፊው» አለችኝ። ከየትና ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አወራችኝ።

የአዲስ ዓለም ልጅ ናት። ጎጆ ስትመደብ የተከራየችው አዴ ወርቂቱ ግቢ ነበር፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ የዘር ድንች በማምረት በአካባቢው የታወቁ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ትዕግስት ማሳ ወርዳ ስታያቸው ከአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ መጣ። አዴ ወርቂቱን «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» ብሎ ድንቹን ትዕግስትን አስታቀፋት። ለጨዋታ መስሏት ያዘች። በዓመቱ ካላንደሩ መጣ።

«ገበያ ውስጥ ሞዴል ገበሬ እያሉ ሲጠሩኝ አብረን ነበር የምንስቀው» አለችኝ። «ኋላ የገበሬዎች በዓል ሆነና አንድ እንግዳ መድረክ ላይ ሆኖ ‹የካላንደሯ ሴት ትምጣ› አለ። ገፍተው አወጡኝ። ጋቢ አለበሰኝ። እሳቸው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ድንቹን ያመረቱት ሴት! ‹እኔ አይደለሁም› ብል እንግዳውን ማሳፈር ሆነብኝ። ዝም አልኩ። ጥፋቴ ዝም ማለቴ ነው።»

ጋቢውን እቤት ስትገባ ወሰደችላቸው። አዴ ወርቂቱ አልነኩትም። «ፊቷ የተሸለመላት ትልበሰው» አሉ። በወሩ ቤት ቀየረች። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚያች ትንሽ ከተማ፣ መንገድ እየተሻገሩ ተላለፉ። ጋቢው በዚያ ብርድ አንድ ቀን ሳይለበስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚያ ወደ አዴ ወርቂቱ ቤት ሄድኩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ለምን እንደመጣሁ ሳይጠይቁ ልጣጩ የፈነዳ ትኩስ ቅቅል ድንች በቆጭቆጫ አቀረቡልኝና እስክበላ ጠበቁ። እንዲህ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም፤ እንደ ዳቦ ይፈርሳል። ፎቶውን ሳሳያቸው በጣታቸው ስክሪኑን መታ አደረጉ።

«ጥፍሯን አይተሽዋል?»

አየሁ። ንጹሕ ነበር። ድንቹ አፈር እንደለበሰ ነው፤ የያዙት እጆች ግን የጠመኔ ብናኝ እንኳ የለባቸውም። ያን ፎቶ መቶ ጊዜ ከፍቼ፣ ቀለሙን አስተካክዬ፣ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ጥፍሯን አላየሁም ነበር።

«እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

«እዚያው ነኛ! ፈቀቅ በይ አለኝ፣ ፈቀቅ አልኩ።»

«ፎቶው ውስጥ?»

«እኔ ምን አውቄ። ያነሳው እሱ።»

ወደ አምቦ ስመለስ መንገዱን በሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር። ፈቀቅ ያሉት ምን ያህል ነው? አንድ እርምጃ? አምስት? ቢሮ እንደገባሁ የጎጆውን ሎጎ ወዲያ ትቼ ዋናውን ፋይል ፍለጋ ጀመርኩ። እኛ ጋ ያለው ካላንደር ላይ እንዲገባ የተቆረጠው ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ስልኩን ቀይሯል። በሦስተኛው ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ካለፉ ዓመታት ካላንደሮች ሥር፣ አንድ አሮጌ ሀርድ ዲስክ አገኘሁ። ውስጡ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው ብዙ ፎቶዎች አሉ። አንድ በአንድ ከፈትኩ። በሬ፣ ስብሰባ፣ በሬ፣ የመኪና ጎማ፣ ማሳ። ከዚያ እሷ መጣች።

ከእሷም ጋር አዴ ወርቂቱ። ከቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀው፣ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በአንድ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ዓይናቸው ትዕግስት ላይ ነው። የትዕግስትም ዓይን እሳቸው ላይ ነው። ያ ሁላችንም ወደ ብሩህ ተስፋ የሚያይ ይመስለን የነበረ ዓይን የሚያየው አዴ ወርቂቱን ነበር።

ኦቦ ገመቹን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት። «ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰፊ ነው። ካላንደር ላይ አይገባም። ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ያንን ነው፤ አትነካኪው።»

«ቅጹ ፈቃድ ይጠይቃል። የቆረጥነውን ሁለቱም አልፈቀዱም።»

«ውልሽ ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረሽ?» አሉኝ። ዛቻ ይሁን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ እንደገና ወጣሁ። ሙሉውን ፎቶ ወፈር ባለ ወረቀት አሳትሜ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል ይዤዋለሁ። ጭቃው ደርቆ አቧራ ሆኗል፤ ጠዋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነበር። አዴ ወርቂቱ በራፋቸው ላይ ድንች ሲመርጡ ደረስኩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ፎቶውን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። ከዚያ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፣ ልክ እንደ ፎቶው።

«ምን ብያት ነው?» አሉ።

«ምን?»

«እንዲህ የሳቀችው! ምን ብያት ነው?»

አላስታወሱም። ቁጭ ብለው ሞከሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አልመጣም። ድንገት ፎቶውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተነሱና መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ገበያውን አቋርጠው፣ ሰላምታውን በእጃቸው እየመለሱ፣ ቀጥታ ትምህርት ቤት። አጥሩ ጋ ቆመው በሙሉ ድምፃቸው በኦሮምኛ አጠራር ተጣሩ።

«ያ ትዕግስት! ያ ትዕግስት!»

ትዕግስት ጠመኔዋን እንደያዘች ወጣች። ስታያቸው ደርቃ ቀረች። አዴ ወርቂቱ ፎቶውን በአጥሩ ላይ አሻግረው አሳዩዋት።

«ያን ቀን ምን ብዬሽ ነበር?»

ትዕግስት ተጠጋች፣ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ፎቶ አንሺው ‹ድንቹን እንደ ልጅ እቀፊው› ሲለኝ» አለች ሳቋ እየቀደማት፣ «‹ተጠንቀቂ፣ ጡት እንዳይጠይቅሽ› አሉኝ!»

ሁለቱም አጥሩን ይዘው ሳቁ። ሕፃናቱ በመስኮት ተንጠልጥለው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። የዕረፍት ሰዓት ሲደርስ ትዕግስት ወደ ቤቷ ሮጣ ሄዳ ጋቢውን ይዛ መጣች። አዴ ወርቂቱ ተቀብለው አላቀፉትም። ዘርግተው እሷኑ አለበሷት። «ብርድ ነው፣ ምነው ታጥፎ ይቀመጣል?» አሉ። ሌላ ይቅርታም ሆነ ማብራሪያ በሁለቱም በኩል አልሰማሁም።

ለቅጹ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ አዴ ወርቂቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ስማቸው ከፊት እንዲገባ። በማታ ትምህርት የተማሩትን የኦሮምኛ ፊደል፣ ቁቤን፣ ሊያሳዩኝ እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየተነፈሱ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። የተቆረጠውን ፋይል ከቋቱ አወጣሁ፤ ሙሉውን በሁለት ስም አስገባሁ። ከሥሩ «አዴ ወርቂቱ ከማሳቸው፣ ከጎረቤታቸው ከመምህርት ትዕግስት ጋር» ብዬ ጻፍኩ።

ውሌ አልታደሰም። ኦቦ ገመቹ ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። የተቆረጠው ፎቶ በየሰው ፍላሽ ስለነበር ሁለት ዓመት ያህል ከረጢት ላይ መውጣቱን ቀጠለ። ገበያ ውስጥ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ከረጢቱ ስፌት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ጋ አዴ ወርቂቱ ነበሩ።

አሁን የራሴ ማተሚያ ቤት አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሎጎ እሠራለሁ፣ የምርቃትና የሠርግ ፎቶ አትማለሁ። ያኔ ፎቶውን ማን እንደቆረጠው ለማወቅ ብዙ ጠይቄ ነበር። የሚያስታውስ አልተገኘም። ክፋት አልነበረበትም፣ እርግጠኛ ነኝ፤ አንድ ሰው ገጹ ጠቦት፣ በአንድ ጣት መዳፊት ተጭኖ፣ ወደ ምሳው ሄዷል። ሁለት ሰዎች ለሁለት ዓመት መኳረፋቸውን ያ ሰው እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ የቆረጥኩት ፎቶ ስፍር ቁጥር የለውም። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንድ ሙሽራ ፍሬም ውስጥ አልገባ ብትለኝ ከጎኗ ያለውን ትከሻ አወጣሁት። ሙሽራዋ ስትወስደው በጣም አምሯል አለች። የማን ትከሻ እንደሆነ አልጠየቅኩም።