ጓዳውን ጨምሮ

እኔና ኮምፒውተር ሆድና ጀርባ ነን። የታላቅ እህቴን ሥራ የማውቀው የልብስ ስፌት መኪናዬና የእሷ ጠረጴዛ አንድ ክፍል ስለሚጋሩ፣ እሷም ስትሠራ ለብቻዋ ስለምታወራ ነው። ለክሊኒኮች ስልክ አንስቶ ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ትሠራለች። ፕሮግራሙ በትንንሹ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ስልክ ያነሳል፣ አንዱ ቀጠሮ ይመዘግባል፣ አንዱ ይናገራል። እያንዳንዱ "ኮንቴይነር" በሚሉት የራሱ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ላፕቶፗ ላይ ይነሳል፣ ማለትም ሥራ ይጀምራል። እናታችን የምታውቀው ኮንቴይነር መርከብ ላይ የሚጫነውን ነው። "ይሄ ሁሉ ኮንቴይነር በዚች ላፕቶፕ?" እያለች ትስቅ ነበር። ያኔ ቤታችን ሳቅ ነበረበት።

ኮንቴይነሮቹ በየጊዜው ይጣላሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ሳይጠፋ መቆየት ያለበት ነገር ግን ከእነሱ ውጭ ለብቻው ይቀመጣል። ያን ቦታ እሷና ባልደረቦቿ "ጓዳ" ይሉታል። እህቴ ደግሞ ትንሽ ነገር ካስቸገራት ኮንቴይነሩንም ጓዳውንም ጠርጋ ከዜሮ ካልጀመረች እንቅልፍ አይወስዳትም። መሥሪያ ቤት ያወጡላት ስም "ጠራጊዋ" ነው። ጓዳው ውስጥ የነበረው የውሸት ታማሚና የውሸት ቀጠሮ ስለሆነ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም።

አባታችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲያስታውቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ታሞ ቀዶ ሕክምና ሊገቡ ሲሉ እህቴ ማይክሮፎን ፊታቸው አስቀመጠች። ለመሞከሪያ "ቀጠሮዎ ተመዝግቧል" እንዲሉላት ነበር። አሉላት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ረስተውት ይሁን አውቀው እንጃ፣ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እናታችንን እንዴት እንዳገኟት፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሰውዬ እንዴት እንደሰደባቸው አወሩ። መጨረሻ ላይ እኔንና እህቴን በልጅነት ስማችን ጠርተው "አይዟችሁ" አሉን። የተቀዳው ሁሉ ጓዳው ውስጥ ገባ።

አባታችን ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ወጡ፤ ድምፃቸው ግን በዚያው ቀረ። ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን በጣታቸው ይነካሉ። ይኼኔ እህቴ የሚናገረውን ኮንቴይነር ታነሳና ታሰማቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ያዳምጣሉ። "ስልኬ ላይ ገልብጪልኝ" ስላት "ነገ" ትለኛለች። ሁልጊዜ ነገ።

አንድ ቀን አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረና እህቴ ይህን ሁሉ በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሚያነሳበትን መመሪያ ጻፈችለት። አለቃዋ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ "እርግጠኛ ነሽ? ከዜሮ ይነሳል?" አላት።

"አሁን አሳያችኋለሁ" አለች፤ ትንሽ ኮራ ብላ።

ኮንቴይነሮቹን የሚጥለውን ትእዛዝ ጻፈች። እጇ እንደ ልማዱ "ጓዳውን ጨምሮ" ማለት የሆነችውን አንዲት ፊደል ጫፉ ላይ ጨመረ። ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ ወደቁ፣ አንድ በአንድ ተነሱ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ።

"ሠራ! ጠራጊዋ፣ እጅሽ ይባረክ!" እያሉ ከላፕቶፑ ውስጥ አጨበጨቡላት። እሷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"አባባ" አለች።

ላፕቶፑን ታቅፋ የጠፋ ፋይል ወደሚያወጣ ባለሙያ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። "እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ የለም" አላት ብዙ ከሞከረ በኋላ። ደሜ ፈላ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩና ሳያት አንጀቴን በላችው።

ቤት ስንመለስ አባታችን ወንበራቸው ላይ ይጠብቁን ነበር። ጆሯቸውን ነኩ። እህቴ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

"አባባ፣ ጠፋ። በገዛ እጄ ጠረግኩት።"

አባታችን ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

እናታችን ከበሩ ላይ "ምን አለሽ?" አለቻት።

እህቴ ቀና ብላ "አባባ፣ ይድገሙልኝ" አለች።

ደገሙላት። አልተሰማም።