ማናለብሽ ያላቃጠለችው ማሳ

ሰው ቤቱ ሲቃጠል ኡኡ ይላል። በማናለብሽ መንደር ግን ማሳውን በገዛ እጁ የሚያቃጥል ሰው ጎበዝ ይባል ነበር።

መንደሩ ከሞላሌ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ደጋ ስለሆነ ከገብስ ሌላ እህል ብዙም አይሆንለትም። መሬቱ ሲደክም ወንዶቹ በበጋ ይገለብጡታል፤ ጓሉን ይከምሩና ከሥሩ ኩበት ከትተው እሳት ይለኩሱበታል። ክምሩ ቀናት ሲጨስ ሰንብቶ አፈሩ ቀይ ሲሆን ይበተናል። በዚያ ዓመት የሚበቅለው ገብስ በሬ ይደብቃል። በሁለተኛው ዓመት ግማሹ ይቀራል፣ በሦስተኛው እንክርዳዱ እንኳ ያኮርፋል። ከዚያ መሬቱ ዓመታት ጦሙን ያድራል።

የዚህ ሥራ ሊቅ ጋሽ ወዳጆ ናቸው፤ የማናለብሽ ሟች ባል የአፈወርቅ ታላቅ ወንድም። የወንድማማቾቹ አባት አንዴ ያቃጠሉትን መሬት አሥራ አምስት ዓመት ያሳርፉት ነበር አሉ። ልጆቹ ሰባት አደረጉት፣ ቆይተው አራት። ይህን ያስተዋለ ሰው ግን አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚራብ ሰው መቼ ወደ ኋላ ይቆጥራል?

ማናለብሽም ያስተዋለችው በአጋጣሚ ነው። ለአፈወርቅ ተዝካር ግቢው በዳስ ሲሞላ በጎቹ ማደሪያ አጡ። ማሳው ላይ አጥር ቢጤ ተሠራላቸውና አሥር ቀን እዚያ አደሩ። ክረምቱ ሲገባ የቀረው ገብስ ገርጥቶ ሲታይ በጎቹ ያደሩባት ክብ ብቻ ጠቁራ፣ ወፍራ ቆመች። ማናለብሽ ከአጠገቧ ተቀምጣ አፈሩን በእጇ ዘገነች። ከክቡ ውጭ ያለው እንደ ተሰባበረ ገል ሲሆን የክቡ ግን እርጥብ ነበር፣ ትልም ይርመሰመስበታል። ደስታም ንዴትም አንድ ላይ ያዛት። በግን ዓመት ዓመት መሸለት ይቻላል፣ ቆዳውን መግፈፍ ግን አንዴ ነው፤ እኛ ስንገፍፍ ነው የኖርነው ብላ አሰበች።

ያን በጋ ጋሽ ወዳጆ ከደጇ ቆሙ።

«ማናለብሽ፣ ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ያቺን መሬት አቃጥለን እናድሳት።»

«አይምጡ ጋሼ። እኔ አላቃጥልም።»

«ታዲያ ምን ልትበይ ነው?»

«በጎቼን ቦታ እያዛወርሁ አሳድርባታለሁ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ተቆጡ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! የወንድሜን መሬት ጠፍ ስታደርጊው አላይም። ካልቻልሽ ስጪኝና ምርቱን እየተካፈልን በእኩል ልረሰው።»

በእኩል ሰጠች ማለት በገዛ ማሳዋ ላይ ቃል የላትም ማለት ነው። ነገሩ የንስሐ አባታቸው ወደሆኑት ወደ አባ ኪዳነ ወልድ ሄደ። አባ ሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ፤ ማሳቸው ጎን ለጎን ነው፣ ስፋቱም እኩል ነው፤ ወዳጆ የራሳቸውን ያቃጥሉ፣ እሷ በጎቿን ታሳድር፤ በሦስተኛው ዓመት የማናለብሽ ምርት ካነሰ መሬቱ ወደ ወዳጆ ይሄዳል። ጋሽ ወዳጆ በደስታ ተቀበሉ። የኔ በሦስተኛው ዓመት ቢደክም እንኳ የሷው ከጅምሩ የሞተ ነው ብለው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ለማናለብሽ የውርደት ዓመት ነበር። ወንድሟ ትዕዛዙ አርሶ ዘራላት፣ አራት የማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ገብስ አገኘች። ጋሽ ወዳጆ አሥራ አንድ አፈሱ። በበዓለ ንግሡ ሴቶቹ «ማናለብሽ፣ በጎችሽ ጸሎት ይጎድላቸዋል መሰል» እያሉ ቀለዱባት። ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በማግሥቱ ግን አጥሯን ነቅላ በጎቹን ወደ ቀጣዩ ቁራሽ አዛወረች፤ ብርዱ እጇን ሰንጥቆት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ባቄላ ዘራች፤ ቤቷን ቀለበላት፣ መሬቷንም አለሰለሰላት። የጋሽ ወዳጆ ገብስ አጥሮ ቀረ። ያን ጊዜ እሳቸውም መቀለዱን ተዉት።

ሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀድሞ አቋረጠ። የተቃጠለው ማሳ ውሃ የመያዝ አቅም የለውምና ገብሱ ሳያፈራ ነጣ። የማናለብሽ ግን ውርጭ እስኪመጣ ድረስ አረንጓዴ ነበር፤ ዛላው ከብዶት ጎንበስ አለ። ጥር ላይ አባ ኪዳነ ወልድ ባሉበት ተወቃ። ጋሽ ወዳጆ ሁለት ማዳበሪያ ተኩል ሆነላቸው። የማናለብሽ ሲሰፈር ዘጠኝ አለ፣ አሥር አለ፣ ሰፋሪው ላቡን ጠርጎ ቀጠለ፤ አሥራ ሦስት!

ጋሽ ወዳጆ ከምርቱ አንድ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው አሹት። ሁሉም ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ።

«ማናለብሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ለከርሞ በጎችሽ እኔ ማሳ ላይ ቢያድሩ ምን ይመስልሻል?»

ማናለብሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታሰናዳው የኖረችው የስድብ ናዳ ነበራት። አንዱም ትዝ አላላትም። የሽማግሌውን የተሰነጣጠቀ እጅ አየች።

«ይደሩ እንጂ ጋሼ! ግን ዳግመኛ እሳት በሚነካው መሬት ላይ በጎቼን አላሳድርም። እዚሁ አባ ፊት ይማሉልኝ።»

ጋሽ ወዳጆ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ቅዱስ ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ ከእንግዲህ መሬት አላቃጥልም።»

ማናለብሽ እልል አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እልል ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነበር።